ስለ ሥራ ቀን ቅድስና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከዲላ ከተማ ተነሥተው በሞያሌው መንገድ ወደ ደቡብ ጥቂት እንደ ተጓዙ ወናጎ ይደርሳሉ። በዚያ አገር በኅዳር ወር፥ ቡናው በዛፉ ላይ ቀልቶ ሰው ሁሉ ለለቀማ በሚጣደፍበት ጊዜ፥ አንዲት ባልቴት ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወደ ቆሙት ካህን ቀርበው መስቀል ተሳለሙና በሰው ሁሉ ፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁ። እኛም በዚያ ቆመን ነበርና ሰማን።

«ይፍቱኝ አባቴ» አሉ፤ «እኔ ማለዳ ተነሥቼ ውኃ እቀዳለሁ፤ ፀሐይ ሳትበረታ ቡና ለቀማ እወርዳለሁ፤ ለቀማ ባይኖር እንሰት ስፍቅ እውላለሁ፤ ማታ የልጅ ልጆቼን አብልቼ እንደ ወደቅሁ አድራለሁ። ዳዊት መድገም አልተማርሁም። ከሰባቱ ቀን ለእግዚአብሔር የምሰጠው ይህችን የእሑድን ማለዳ ብቻ ነው፤ ስድስቱን ቀን የምኖረው ለሆዴ ነው። በፍርድ ቀን ስለ ስድስቱ ቀን ብጠየቅ ምን እመልሳለሁ?»

ካህኑም «ልጄ፥ ስድስቱን ቀን ከእግዚአብሔር እጅ ወስዶ ለሆድሽ የሰጠው ማን ነው?» ብለው በመስቀላቸው ባረኳቸውና አሰናበቷቸው። መልሱ አጭርና እውነተኛ ነበረ። ነገር ግን ጥያቄው የእኒያ እናት ብቻ አይደለም፤ በየደብሩ ቆመው የሚያስቀድሱ ብዙዎች ይህንኑ ጥያቄ በልባቸው ይዘው ይመላለሳሉ፤ የሚያወጡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መልሱን በመጠኑ ልናሰፋው ወደድን።

አስቀድመን በራሳችን ላይ እንፍረድ። እኛ ካህናት ለሕዝቡ ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ዕረፍት ቀን ነው። ነገ የእመቤታችን ነው፥ ከነገ ወዲያ የመልአኩ ነው፥ ማንም እንዳያርስ፥ ማንም እንዳይፈትል እያልን እናስታውቃለን፤ ይህንም ማድረጋችን የተገባ ነው። ነገር ግን በማግሥቱ ገበሬው ሞፈሩን ሲያነሣ፥ ነጋዴው ሚዛኑን ሲሰቅል፥ እናት ልጇን አዝላ ወደ ጓሮዋ ስትወርድ፥ እንዴት አድርገው ሊሠሩ እንደሚገባቸው ያስተማርነው ስንት ጊዜ ነው? በዓልን ስለ ሻረ ሰው ቀኖና ሰጥተን እናውቃለን፤ በሥራ ቀን ሥራውን በተንኮል ስለ ሠራ ሰው ግን የምንጠይቀው አልፎ አልፎ ነው። ከዚህም የተነሣ ምእመናን ሳምንቱን ለሁለት ከፍለው፥ አንዱን ክፍል ለእግዚአብሔር ሌላውን ለዓለም የሰጡ መሰላቸው። የባልቴቲቱ ጭንቀት የመጣው ከዚህ ነው፤ የትምህርታችንም ጉድለት እንጂ የእርሳቸው የእምነት ጉድለት አይደለም።

የሰንበት ትእዛዝ ራሱ ሲነበብ ስለ አንድ ቀን ብቻ የሚናገር አይደለም። እግዚአብሔር በሲና ተራራ ሕግን በሰጠ ጊዜ ሰባተኛውን ቀን እንዲያርፉበት ከማዘዙ አስቀድሞ ስድስቱን ቀን እንዲሠሩባቸው አዝዟል (ዘፀ. 20፥9-10)። እንግዲህ የዕረፍቱን ቀን የሚያከብር ሰው ትእዛዙን በግማሽ ፈጸመ እንጂ ገና አልጨረሰም። ስድስቱም ቀን በትእዛዙ ውስጥ ናቸውና።

አንዳንድ ሰዎች ሥራ ከአዳም በደል በኋላ በእርግማን የመጣ ነው ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። መጽሐፍ እንደሚነግረን አዳም ገና ሳይበድል፥ በገነት ሳለ፥ ምድሪቱን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ተሹሞ ነበር (ዘፍ. 2፥15)። ከበደል በኋላ የተጨመረው እሾህና አሜከላ፥ የፊት ወዝና ድካም ነው እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። ማበጀትና መጠበቅ የሚሉትን ሁለቱን ነገሮች አንድነት ሊያይ የሚወድ ሰው ወደ ጌዴኦ አገር ቢወርድ መልካም ነው። በዚያ ገበሬው ደኑን መንጥሮ አይደለም የሚያርሰው፤ ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ቆሞ ጥላ ይሰጣል፥ ከእርሱ በታች እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ይዘረጋል፥ ከእንሰቱ ጋራ ቡናው ይበቅላል፥ ከመሬቱም ላይ ጎመኑና ሌላው አትክልት ይለቀማል። ቁልቁለቱ እጅግ የበረታ ሲሆን አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ያልሄደው ስለዚሁ ነው። አባት የተከለውን ልጅ ይጠብቃል፤ ልጅም በፈንታው ይተክላል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን የጌዴኦን መልክዐ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የዓለም ሊቃውንት ያደነቁትን ነገር ያቆመው ግን ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ፥ በየማለዳው መቆፈሪያውን ይዞ በመውረድ ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም የእጅ ሥራን ከመንፈስ ቅዱስ ሥራ አይለዩትም። በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞላ በኦሪት ከተነገረላቸው ሰዎች አንዱ ነቢይ ወይም ንጉሥ ሳይሆን፥ ወርቅና ብር አንጥሮ፥ ዕንጨት ጠርቦ የመገናኛውን ድንኳን ዕቃ የሠራው ባስልኤል ነው (ዘፀ. 31፥1-5)። መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በዮርዳኖስ ተጠምቆ ማስተማር የጀመረው በ30 ዓመቱ ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት በናዝሬት የአገሩ ሰዎች የሚያውቁት በጠራቢነቱ ነበረ (ማር. 6፥3)። ያን ሁሉ ዘመን አብን ሳያመልክ የኖረ ነውን? አይደለም። መጋዙን ሲይዝም በምኵራብ ሲያነብም ያው አንዱ ልጅ ነበረ።

እመቤታችንንም እንይ። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚያስተምረን መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል የብሥራቱን ቃል ይዞ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ ያገኛት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለች ነው፤ ሁለተኛም በቤት ተቀምጣ ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆነውን ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል አገኛት። ሠዓሊዎቻችንም የብሥራትን ሥዕል ሲሥሉ እንዝርቱን ከእጇ አይለዩትም። በወናጎ ማለዳ ተነሥታ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ የምትወርድ ሴት ሁሉ ይህን ብታስብ፥ መንገዱ የሚከብዳት አይመስለንም። ነገሩን ለእኒያ እናት ማንም አልነገራቸውም ይሆናል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ሳለ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋራ ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር (ሐዋ. 18፥3)። በኤፌሶንም በገላው ላይ የነበረው ጨርቅ ወደ ድውያን ተወስዶ እንደ ፈወሳቸው ተጽፏል (ሐዋ. 19፥12)። መተርጕማን ከእነዚያ ጨርቆች አንዱ ሠራተኛ በሥራ ጊዜ የሚታጠቀው ነው ይላሉ። እንግዲህ የእግዚአብሔር ጸጋ በላብ በራሰ የሥራ ልብስ ላይ ማደርን አልናቀም። መነኮሳትም ከዓለም ተለይተው በረሃ ሲገቡ ከሥራ አልተለዩም። ጥር 22 ቀን የምናስበው አባ እንጦንስ በግብፅ በረሃ በአሳቡ ተጨንቆ ሳለ፥ መልአክ በሰው አምሳል ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፥ ደግሞም ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ተመልሶም ሲታታ አሳየው፤ የድኅነትህ መንገድ ይህ ነው ሲለው ነው። በእኛም አገር የዋልድባ መነኮሳት ቋርፍ የሚባለውን ምግባቸውን የሚያዘጋጁት ከሙዝ ሥር በብዙ ድካም ነው። ሙዝና እንሰት የአንድ ወገን ተክሎች ናቸውና በወናጎ እንሰት የምትፍቅ እናትና በዋልድባ ቋርፍ የሚያበስል መናኝ ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ናቸው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ከሁሉ ይልቅ ግን ነገሩ የሚገለጠው በመንበሩ ላይ ነው። ጌታችን ሥጋውንና ደሙን ሊሰጠን በወደደ ጊዜ የመረጠው የስንዴ ዛላና የወይን ዘለላ አይደለም፤ ኅብስትና ወይን ነው እንጂ። ዛላውን ምድር ትሰጣለች፤ ኅብስቱን ግን ሰው ይሠራዋል። በወናጎ ቤተ ክርስቲያን በእሑድ ቅዳሴ የሚቀርበውን መሥዋዕት እናስብ። ስንዴው ምናልባት ከአርሲ ወይም ከባሌ የመጣ ነው። አንድ ገበሬ በሬውን ጠምዶ አረሰው፥ ዘራው፥ አረመው፥ አጨደው፥ ወቃው። ሌላው ጭኖ አመጣው። አንዲት እናት እህሉን ለቅማ አጠራችው። ወፍጮ ፈጨው። ዲያቆኑም ሌሊት በቤተ ልሔም ጋግሮ በመሶበ ወርቅ አድርጎ ወደ መቅደስ አገባው። ዘቢቡንም እንዲሁ ዘርዝሩት። ካህኑ እጁን ዘርግቶ በሚጸልይበት ጊዜ በጻሕሉ ላይ የብዙ ሰዎች ሳምንት ተቀምጧል። መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ የሚወርደው የሰው እጅ በደከመበት ነገር ላይ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ስድስቱን ቀን ከእሑድ ይለያቸው ዘንድ እንዴት ይችላል? ገበሬው ሰኞ ሲያርስ ሳለ ሳያውቀው የእሑዱን መሥዋዕት ጀምሮታል።

ስለዚህም ነገሩ የሚያስፈራ ነው። ለመሥዋዕት የሚሆነውን ኅብስት ዲያቆኑ በቸልታ ቢያበላሸው፥ ወይም ንጹሕ ያልሆነ ነገር ቢቀላቅልበት፥ ሁላችን በደነገጥን ነበር። ሥራችን ሁሉ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ከሆነ ግን፥ በሥራችን ውስጥ የምንቀላቅለውም በዚሁ መጠን ሊያስደነግጠን ይገባል። እዚህ ላይ ጥቂት ቆመን ስለ ቡና እንናገር፤ የወናጎ ሰው ኑሮ በእርሱ ነውና።

እሸት ቡና ሲለቀም ፍሬ በፍሬ ነው። ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ አንዱ ፍሬ ቀልቶ ሳለ ጎረቤቱ ገና አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ትጉህ ለቃሚ ወደ አንዱ ዛፍ በየጊዜው ተመላልሶ የቀላውን ብቻ ይለቅማል፤ ሰነፉ ግን ቅርንጫፉን በመዳፉ ጨብጦ ጥሬውንም የበሰለውንም፥ ቅጠሉንም ጭምር ገፍፎ ያወርደዋል። የተለቀመው እሸት ሳያድር ወደ ማጠቢያው ጣቢያ መድረስ አለበት። በዚያ ይፈለፈላል፥ በገንዳ ውስጥ ሆኖ ይብላላል፥ በፈሳሽ ውኃ ይታጠባል፥ ከዚያም በቆጥ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ብዙ ቀን ይደርቃል። ከአልጋው ዳር የቆሙ ሴቶች ከማለዳ እስከ ማታ የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ በቀትር ሐሩር ያለብሱታል፥ ሲመሽም ከጤዛ ይሸፍኑታል። በዚህ ሁሉ መካከል አንዱ ቢያታልል የሌላው ሁሉ ድካም ይበላሻል። በጥቂት ጥሬ ፍሬ የብዙ ሰው ቡና ጣዕሙን ያጣልና። በ1994 ዓ.ም. የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን በተቋቋመ ጊዜ ገበሬው ቡናውን በራሱ ስም ወደ ውጭ አገር ለመሸጥ መንገድ አገኘ፤ ይህም ማለት ስሙም ነውሩም የራሱ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ከቅርጫት ሥር ጥሬውን ከላይ ቀዩን አድርጎ የሚያመጣ ሰው፥ ከጆንያ ውስጥ ድንጋይ የሚጨምር፥ ሚዛን እንዲደፋለት ቡናውን ውኃ የሚረጭ፥ ይህ ሰው ዓርብና ረቡዕን ጾሞ፥ የወሩን በዓላት ሁሉ አክብሮ ሊሆን ይችላል። በሌላ ወገንም ሚዛኑን አጥምሞ ከድኻው ላይ በየኪሎው ጥቂት ጥቂት የሚቆርጥ ገዢ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላና መጋረጃ የሰጠ ሊሆን ይችላል። ለቃሚውን ብትጠይቁት እርሱ ስለሚሰርቀኝ ነው ይላል፤ ገዢውን ብትጠይቁት እርሱ ስለሚያታልለኝ ነው ይላል። ሁለቱም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ። ጠቢቡ ሰሎሞን የሐሰት ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ እንደ ሆነ ተናግሯል (ምሳ. 11፥1)። አስጸያፊ የሚለው ቃል በኦሪት ለጣዖት የሚነገር ቃል ነው፤ ልብ ያለው ልብ ይበል። በእምነት ከእኛ የሚለዩ ጎረቤቶቻችንም በጌዴኦ ብዙዎች ናቸው፤ እነርሱ ወደ ቅዳሴያችን አይመጡም፥ ወደ ሚዛናችን ግን ይመጣሉ። ስለ ሃይማኖታችን የሚያነቡት ከዚያ ነው።

ስለ ደመወዝም እንዲሁ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ የአጫጆች ደመወዝ በተቀማ ጊዜ ደመወዙ ራሱ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)፤ ኦሪትም የቀን ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ እንዲሰጠው ታዝዛለች (ዘዳ. 24፥15)። ከቡና አልጋ ዳር ቀኑን ሙሉ ቆማ ለዋለች ሴት «ነገ ነይ» የሚል ሰው፥ በማታው ጸሎት ምን ብሎ እንደሚጀምር እናስብ።

በዚህ አገር ስለ ሥራ ሲነገር ዝም ብለን የማናልፈው ሌላ ነገር አለ። በአገራችን ከረጅም ዘመን ጀምሮ ሠራተኛን መናቅ እንደ ክብር ተቆጥሮ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን፥ ሸክላ የምትሠራውን በሙያቸው ስም መሳደብ የተለመደ ነበረ። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ይህን ስድብ ከልክለዋል፤ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው ንጉሡን ራሳቸውን እንደ ሰደበ ተቆጥሮ አንድ ዓመት እንዲታሰር ደንግገዋል። ከዚያ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሞ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ጠራቢውን ኢየሱስን እያመለክን ጠራቢን መናቃችን ምን ያህል የማይገጥም ነገር ነው!

በጌዴኦ ደግሞ ከስድብም የከፋ ነገር ነበረ። በገባርነት ሥርዓት ዘመን የራሱን መሬት ተነጥቆ፥ የደከመበትን ቡና ለባለ ርስት እያካፈለ የኖረ ሕዝብ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሚችሌ በተባለው ስፍራ ገበሬዎችና የባለ ርስቶች ወገን ተጋጭተው ብዙ ደም ፈሷል፤ ሥርዓቱም የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ከእነዚያ ባለ ርስቶች መካከል ማዕተብ ያሰሩ፥ ጾም የሚጾሙ፥ ቤተ ክርስቲያን የሚያሠሩ ነበሩ። የሌላውን ሰው ላብ እየበሉ ሥራን እንደ ውርደት፥ ሥራ መፍታትን እንደ ጌትነት ቈጠሩት። ይህን የምንጽፈው የሞቱትን ለመክሰስ አይደለም፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ነገር ግን አንድ የጌዴኦ ገበሬ ስለ ሥራ ክብር ከእኛ ሲሰማ፥ አያቱ የነገሩትን ያስታውሳል። ያን ሳናምን ስለ ሥራ ቅድስና ብንሰብከው፥ ደግሞ ሊያሠሩን ነው ቢለን አንፈርድበትም። ሥራ አምልኮ የሚሆነው ሠራተኛው ራሱ ሲያቀርበው ነው፤ በግድ የተወሰደ ላብ መሥዋዕት ሳይሆን ቅሚያ ነው።

ከሥራ መለየትስ ምን ያህል ጭንቅ እንደ ሆነ በ2010 ዓ.ም. አይተናል። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ፥ ትላንት አሥር ሰው ያበላ የነበረው ገበሬ እጁን አጣጥፎ የሰው እጅ ጠባቂ ሆነ። ረኀቡ ከባድ ነበረ፤ ነገር ግን የእጁ ባዶነት ከረኀቡ የማያንስ ኀዘን ሆኖበት ነበር። ሥራ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ክብር መሆኑን የሚያውቅ የተነጠቀ ሰው ነው።

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ነገር እንመለስ፤ የወናጎ ምእመናን ብዙ ጊዜ ይጠይቁናልና። የቡና ለቀማ የሚበረታበት ወራት የኅዳር ሚካኤልና የኅዳር ጽዮን፥ የታኅሣሥ በዓታና የታኅሣሥ ገብርኤል የሚውሉበት ነው፤ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮም ጾመ ነቢያት ነው። ለቃሚው እየጾመ ይለቅማል። በዓሉ ሲደርስ ቡናው በዛፍ ላይ ቀልቶ ይጠብቃል። ምን ይደረግ? በ15ኛው መቶ ዓመት በዓፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አባቶቻችን የቅዳሜና የእሑድን ሰንበት ክብር ያጸኑት ሰው ሁሉ፥ ሎሌውም እንስሳውም፥ እንዲያርፍ ነው። በዛፍ ላይ ያለ ፍሬ አንድ ቀን ቢታገሥ አይጠፋም፤ እንግዲህ ለቀማው ይቁም። በዋዜማው ተለቅሞ በገንዳ የገባው ግን ቢተዉት ይበሰብሳል። ጌታችን በሰንበት ቀን ከጕድጓድ የወደቀውን በሬ ማውጣት እንደማይከለከል አስተምሯልና (ሉቃ. 14፥5) ያን ለማጠብ ጥቂት ሰዎች በተራ ቢቀሩ በደል አይሆንባቸውም እንላለን። ይሁን እንጂ ገንዳው አለ እያሉ በበዓል ዋዜማ ሆን ብሎ አብዝቶ ማስለቀም፥ በሬውን ራስ ገፍቶ ከጕድጓድ እንደ መጣል ነው። ባለ ጣቢያውም እርሱ ቅዳሴ ቆሞ የቀን ሠራተኞቹን ሁሉ ከገንዳ ዳር ቢያውላቸው፥ በዓሉን ያከበረው እርሱ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ጭኖት ነው። የቀረው በየስፍራው ካህኑ ነገሩን አይቶ የሚፈርደው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይገባ እንጠንቀቅ። በከተማ ያሉ አንዳንድ የተማሩ ወንድሞቻችን «ሥራዬ ጸሎቴ ነው» ብለው ከቤተ ክርስቲያን ፈጽመው ቀርተዋል። እነርሱ የተናገርነውን ወደ ሌላ ወስደውታል። አባ እንጦንስ ያየው መልአክ ገመዱን እየታታ ብቻ አልዋለም፤ ይነሣና ይጸልይ ነበር። ከመሠዊያው የተለየ ሥራ ወደ ማን እንደሚቀርብ አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜም የሚቀርበው ለገንዘብ ሆኖ ይገኛል። እሑድ ለስድስቱ ቀን ጌታቸው ማን እንደ ሆነ ትነግራቸዋለች።

ዳዊት መድገም ያልተማረ ሰውስ በሥራው መካከል እንዴት ይጸልይ? ይህ ቀላል ነው። መቆፈሪያውን ሲያነሣ አማትቦ አቡነ ዘበሰማያት ይበል። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ የሚለውን በቤተ ክርስቲያን 41 ጊዜ እንደምንለው ለቃሚዋ እናት በየቅርንጫፉ ልትለው ትችላለች፤ ጣቶቿ መቁጠሪያ ይሆኗታል። ቦዔዝ በቤተ ልሔም ወደ እርሻው በመጣ ጊዜ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም አላቸው፥ እነርሱም በእግዚአብሔር ስም መለሱለት (ሩት 2፥4)። የእኛም ሰው በሥራ ላይ ያለውን ሰው ሲያልፍ «እግዚአብሔር ያበርታችሁ» ማለቱ አሜንም መባሉ ከዚያ የማያንስ ጸሎት ነበር፤ አሁን አሁን ግን ወጣቶች በስልካቸው ላይ አቀርቅረው በዝምታ ሲያልፉ እናያለን። ከለቀማው የቀረውን፥ ከሥር የወደቀውን ፍሬ ለድኻ መተው ደግሞ በኦሪት የታዘዘ ነው (ዘሌ. 19፥9-10)፤ ይህንም የሚያደርጉ ሰዎች በወናጎ አሉ።

ለካህናት ወንድሞቻችን አንድ ነገር እንለምናለን። በቅዳሴያችን ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች ውኃ፥ ስለ ምድርም ፍሬ እንጸልያለን፤ ከዚህም ጋራ ለቀማው ሲጀመር መስቀላችንን ይዘን ወደ ጓሮዎቹና ወደ ማጠቢያው ጣቢያ ብንወርድ፥ በገንዳውና በሚዛኑ ፊት ብንጸልይ መልካም ይመስለናል። በየሀገረ ስብከቱ እንዲህ ያደረጉ ቢኖሩ እንዴት እንዳደረጉት ቢጽፉልን ሌሎችም ይማሩበታል።

እኒያ ባልቴት በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ መጥተው ነበር። ካህኑ በስብከታቸው የባልቴቲቱን ስም ሳይጠሩ ይህንኑ ነገር ሰፋ አድርገው አስተምረው ነበርና፥ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዳቸው መስቀል ተሳልመው፥ «አባቴ፥ ቡናውን ስለቅም በእግዚአብሔር ፊት የቆምሁ ከሆነ፥ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ጫማዬን ላውልቅን?» ብለው ጠየቁ። በዙሪያው የቆመው ሰው ሳቀ። ካህኑ ግን አልሳቁም፤ ጥቂት አሰቡና፥ «እሾህ አለበት ልጄ፤ አታውልቂ» አሏቸው።